የታሸገው አምፕሊፋየር እና የእናቴ ዳንቴል

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ስነሳ መጀመሪያ የጠየቅሁት ራሴን ነው፤ ማን ያነበዋል? የሞተ ሰው የለበትም፣ በፍቅር የወደቀም የለበትም። በጅማ ጊንጆ በሚባለው ሰፈር፣ በእኛ ሳሎን ውስጥ ስለተቀመጠ አንድ የድምፅ ማጉያ ነው። ለዶርም ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዷ “እሺ፣ ከዚያስ?” አለችኝ። ቢሆንም ታላቅ ወንድሜ ያን የቡና ወቅት እንዴት እንዳለፈው እኔ ካልጻፍኩት ሌላ የሚጽፈው ያለ አይመስለኝም። እሱ ራሱ የሚጽፍ ሰው አይደለም። አንባቢ ከሰለቸ ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የእሱ አይደለም።

ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ በኋላ ከቤታችን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አምፕሊፋየር ይሠራ ነበር። በከተማችን አምፕሊፋየር ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ያህል እንደሚጮህ ነው። የባጃጅ ሾፌር መቀመጫውን የሚያንቀጠቅጥ ቤዝ ይፈልጋል፤ ባለ ሱቅ ደግሞ ከጎረቤቱ ሱቅ የሚበልጥ ጩኸት። ወንድሜ የሚፈልገው ዝምታውን ነበር። ምንም ሳያጫውት ማሽኑን ያበራና ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ይለጥፋል። በሩቅ እንደምትሰማ ንብ “እምም” የሚል ነገር ካለ ያ ማሽን ለእሱ አላለቀም።

ዕቃዎቹን ከየትም ያመጣቸዋል። ትራንስፎርመሩን ከተቃጠለ ስታቢላይዘር ውስጥ አውጥቶ የመዳብ ሽቦውን በእጁ ፈትቶ በእጁ መልሶ ጠቀለለው። ትራንዚስተር ከአዲስ አበባ ያስመጣ ነበር፤ ብዙው አስመስሎ የተሠራ ስለሆነ አንድ በአንድ ይለካና ጠባያቸው የሚመሳሰለውን እንደ መንታ አጣምሮ በወረቀት ይጠቀልላል። የቀረውን ይጥለዋል። እንዴት እንደሚሠራ የተማረው ከስልኩ ላይ ነው፤ ቋንቋቸውን የማንሰማቸው የሩቅ አገር ሰዎች በሚለቁት ቪዲዮ። እጃቸውን አያለሁ እንጂ ምን እንደሚሉ አልሰማም ይል ነበር።

ያቺን ንብ ከማሽኑ ለማስወጣት ያየው መከራ ብዙ ነው። ሽቦዎቹን እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ ሞከረ፤ ትራንስፎርመሩን አዞረው፤ ሳጥኑን በሙሉ አፍርሶ እንደገና ሠራው። በመጨረሻ የመሬት መስመር የሚባሉትን ሽቦዎች ሁሉ በየቦታው መበየዱን ትቶ አንድ ብሎን ላይ ሰበሰባቸው። ያኔ ጠራኝ።

“ነይ ስሚ” አለኝ።

ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ አደረግሁ። “ምንም አይሰማም” አልኩት።

“አዎ” አለ። ፊቱ የሙሽራ ፊት መስሎ ነበር።

ከዚያ የሰፈራችን ሽማግሌ ሲሉት በስልክ የተቀዳውን መንዙማ ከፈተልኝ። ያን መንዙማ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሽማግሌው ከመጀመራቸው በፊት አየር ሲስቡ፣ ድቤ መቺው መዳፉን ቆዳው ላይ ሳያሰማ ሲያሳርፍ ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ወንድሜ ምን ሲፈልግ እንደከረመ የገባኝ ያኔ ነው።

ይህን የምናውቀው ግን እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ሌላው ሰው የሚያውቀው የሰርቦውን ሠርግ ነው። ሰርቦ የሚኖረው የአባቴ ታናሽ ወንድም ልጁን ሲድር ወንድሜ አዲሱን ለሠርግ ግርግር ማውጣት ሳስቶ ቀደም ብሎ የሠራውን ማሽን ይዞ ሄዶ ነበር። ገና እንግዳው ተቀምጦ ሳያልቅ ከሳጥኑ ጭስ ወጣ፤ ቤቱን የፕላስቲክ ሽታ ሞላው። አጎቴ ቀልደኛ ነው፤ ሠርገኛው ፊት ወደ አባቴ ዞሮ “ወንድሜ፣ አንተ ቡና ትሸጣለህ፣ ልጅህ ሽቦ ይቆላል” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም አብረው ሳቁ።

አባቴ ቡና አቅራቢ ናቸው። ከሰርቦና ከአሰንዳቦ ዙሪያ ቡና ሰብስበው ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። በማግሥቱ ወንድሜን ጠርተው ወደ መርካቶ እንደሚሄድ ነገሩት፤ እዚያ የእናቴ ወንድም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው። ወንድሜ እዚያ የሚጠብቀውን ሥራ ያውቀዋል። ከካርቶን እያወጣ የተሠራ ዕቃ መሸጥ ነው፤ መበየጃ የሚይዝበት ሰዓት አይኖረውም። ለእሱ መርካቶ መሄድ ማለት ይህን ሥራ መተው ማለት ነበር። አልተከራከረም። አዲሱን ማሽን ይዞ ሳሎን ገባና መሬት ላይ አስቀመጠው።

“አባ፣ ይኼ አይጨስም” አለ።

“ያኛውም አይጨስም ብለህ ነበር።”

“ያኛውን ሰው ሲነካካው ነበር። እኔም ሥራዬን ሳልጨርስ ነው የወሰድኩት። ይኼን ጨርሼዋለሁ። ማሎ አባ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይሞክሩኝ።”

ቡና የጫነ መኪና ከጅማ ሲወጣ የጭነቱ በር በሽቦና በእርሳስ ይታሸጋል፤ ፕሎምፕ ይሉታል። አዲስ አበባ ሲደርስ ፕሎምፑ ያልተነካ ከሆነ ቡናው ያው የጫኑት ቡና ነው፤ ከተነካ ማንም ምንም ቢምል የሚሰማው የለም። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ተነሥተው ጉጠታቸውን አመጡ። ቀጭን ሽቦ በሳጥኑ ሁለት ብሎኖች ራስ መካከል አሳልፈው አጣመሩት፣ ጫፉ ላይ ከወንድሜ የመበየጃ ሊድ ቁራጭ አጠፉበትና በጉጠቱ ጥርስ ጨፈለቁት።

“የቡናው ወቅት እስኪያልቅ ሳሎን ይቀመጥ” አሉ። “የመጨረሻው መኪና የወጣ ቀን ፕሎምፑ እንዳለ ከሆነና ማሽኑ የሚናገር ከሆነ እዚህ ትሠራለህ። ከፍተህ ካገኘሁህ ወይም ከሞተ መርካቶ ነው። መብራት ከጠፋ የመብራት ኃይል ነው፣ አንተ ላይ አይቆጠርም።”

ወንድሜ “ቶሌ” አለ፣ እሺ ማለቱ ነው። ጥቅምት ገና መጀመሩ ነበር።

በአዘቦት ቀን ማሽኑ ከቀትር በኋላ ካለው የአሱር ሰላት አንሥቶ ጀንበር ስትጠልቅ እስካለው መግሪብ ይጫወታል። አንድም ቀን አላስቸገረም። ወንድሜ ሳጥኑ ጀርባ ላይ ትንሽ መብራት ሠርቶለት ነበር፤ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲታመም ቀይ። ቀይ ሆነ ማለት ወይ በጣም ሞቋል ወይ ውስጡ አንድ ዕቃ ሊሞት ነው፤ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ድምፁን ይቆርጣል። ሁልጊዜ አረንጓዴ ነበር።

እንግዳ በመጣ ቀን ግን ታመመ። ከአሰንዳቦ ቡና የሚያመጡ ሰዎች እኛ ቤት ምሳ በልተው ሳሎን ተቀምጠው እያወሩ፣ ማሽኑ ድንገት ዝም አለ። አንደኛው ሰውዬ ሰዓቱን አይቶ “ሰላት ሄደ” አለ። ሳቁ። ማታ ሲበራ እንደገና ሠራ። ወንድሜ ያን ቀን አልነበረም፤ ቡና ይዘው የሚመጡ እንግዶች ሲኖሩ እሱ መጋዘን ሄዶ ጭነት ያስወርዳል፣ ያስጭናል። ሲመለስ አባቴ “ማሽንህ ዛሬ ሰላት ሄዶ ነበር” አሉት፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

በሚቀጥለው እንግዳ ቀን ደገመው፤ ያውም ከመጀመሪያው ቀን ቀድሞ።

ወንድሜ እንቅልፍ አጣ። ሙቀት ነው እንዳይል፣ በአዘቦት ቀን ሰዓታት ሙሉ ተጫውቶ ሳጥኑ ለብ እንኳን አይልም። እንግዲህ ከመንታዎቹ አንዱ አስመስለው ከሠሩት ነው፣ ሊሞትም ነው ብሎ ደመደመ። ያን ለማወቅ ደግሞ መክፈት አለበት። የቆርቆሮ ክፍሏ ውስጥ መፍቻውን ይዞ ተቀምጦ አየሁት፤ መልሶ ሰቀለው። አባቴ ሳያዩ ሽቦውን ፈትቶ መልሶ መጨፍለቅ ለእሱ እጅ ቀላል ነበር። አላደረገውም፤ እንዳላደረገውም ለማንም አልተናገረም።

እናቴ ምክንያቱን ያወቀችው በመጀመሪያው ቀን ነው። ለምን እንግዳ ሲኖር ብቻ? ዓይን ነዋ። ሰው ሁሉ አፍጥጦ ያየዋል፣ ማሻአላህ የሚል የለም። ስለዚህ መፍትሔውንም ታውቀዋለች፤ መሸፈን።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን ልንገራችሁ። እኛ ቤት የከበረ ዕቃ ሁሉ ይለብሳል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ አለው፣ የሶፋው ክንድ ሁሉ አለው። ሁሉንም እናቴ በኪሮሽ የሠራቻቸው ናቸው። የማይቆይ ዕቃ አይለብስም፤ ስታቢላይዘሩ እንኳን ራቁቱን ነው። ለአምፕሊፋየሩ ደግሞ ወንድሜ ሳያያት ነጭ ዳንቴል ሠርታ በቀይ ከፈይ ገበር ሰፍታለት ነበር። ከቁምሳጥን የምታወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ እንግዳው ሲሄድ አጣጥፋ መልሳ ታስቀምጠዋለች። በሁለተኛው እንግዳ ቀን ዓይኑ እንዳይገባ ብላ አራቱንም ጠርዝ ከሥር አስገብታ ጠቀጠቀችው። እኔ ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ለወንድሜ መንገር ግን በሐሳቤም አልመጣ፤ ማሽኑ ልብስ ለብሶ ነበር ብሎ መንገር እንግዶቹ ጫማ አድርገው ነበር ብሎ እንደመንገር ነው።

አንድ ቀን ዝናቡ አላቆም ብሎ ጭነት ቀረ። እንግዶቹ ግን ቀድመው መጥተው ነበር። ወንድሜ ከመጋዘን ረጥቦ ተመልሶ የሳሎኑ በር ላይ ቆመ። መንዙማው እየተጫወተ ነው፤ እሱ ግን ድምፁን አልሰማም መሰለኝ። ማሽኑን እያየ ነበር። ከፊት ለፊት የሚታይ ነገር የለውም፤ ቀይና ነጭ ለብሶ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። የአየር ቀዳዳዎቹን የሠራው ሳጥኑ ክዳን ላይ ነው።

ቀስ ብሎ ገብቶ ሰላምታ ሰጠና መብራቷ ቀይ ሳትሆን አጠፋው፤ እንግዶቹን ላለመረበሽ ያጠፋው አስመሰለ። ሲሸኙ እናቴን ጠራት።

“እማ፣ ይኼን ማን ሠራው?”

“ማን ይሠራዋል? እኔ ነኛ። አያምርም?”

“ያምራል። ከቴሌቪዥኑም ይበልጣል።” ዳንቴሉ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል፤ እናቴ ማሽኑ ይቆያል፣ ልጄም ይቆያል ማለቷ ነው። እንዴት አውልቂው ይበላት? “እማ፣ እየታፈነ ነው” አላት።

እናቴ ፈገግ አለች። “ዓይን ይሻለዋል?”

“ዓይን አያቃጥለውም። ይኼ ያቃጥለዋል። እጅሽን አምጪ።”

እጇን ወስዶ በከፈዩ ሥር አስገባው። እናቴ እጇን መነጨቀች። ቁጭ ብላ መዳፏን ስታይ ቆየች።

“ስለዚህ መርካቶ የምልክህ እኔ ነበርኩ በለኛ።”

“አንቺ አይደለሽም። ቀዳዳውን ክዳኑ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እዚህ ቤት አድጌ ዕቃ እንደሚለብስ ሳላስብ። ስለ ሁሉም ነገር አስቤ ነበር፣ ስለዚህ ግን አላሰብኩም።”

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቃት። ሌላ ሥሪለት አላት፤ አየር የሚያሳልፍ። ወረቀት አውጥቶ ክዳኑን በልኩ ሣለ፣ ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሆኑ አሳያት፣ ዳንቴሉ እዚህ ጋ ክፍት፣ እዚህ ጋ ድፍን ይሁን እያለ ያስረዳ ጀመር። እናቴ ወረቀቱን መለሰችለት። “አንተ የሽቦህን እወቅ” አለችው። ክሩን አውጥታ በጣቷ የክዳኑን ቀዳዳዎች ዳበሰች፤ በቃ ልኩን ያዘች። እኔ ዓይኑስ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኋት። “ዓይን የዳንቴል ቀዳዳ ሲቆጥር ይመሻል” አለች።

ወንድሜ ደግሞ ከሥር አየር እንዲገባ አራት የዋንዛ እግሮች ቆርጦ በሙጫ ሊያጣብቅለት ፈለገ። ማጣበቁ እንደ መክፈት ይቆጠር እንደሆነ አባቴን ጠየቀ። አባቴ ጎንበስ ብለው ፕሎምፑን አዩ፤ “እግር መግጠም ሆድ መክፈት አይደለም” አሉ።

አዲሱን ዳንቴል ሳይ መጀመሪያ ያልጨረሰችው መሰለኝ። እንደ ወንፊት ነው፤ መሐሉ ላይ ግን ቀዳዳዎቹ ተያይዘው አበባ ሠርተዋል፣ እያንዳንዱ የአበባ ልብ አንድ የአየር ቀዳዳ ላይ ያርፋል። ለብሶ ሲጫወት ወንድሜ እጁን ከላይ አድርጎ ቆመ። ሞቅ ያለ አየር በአበባዎቹ ውስጥ ሽቅብ ይወጣ ነበር። እኔንም አስነካኝ። እናቴ ማሽን አታውቅም፤ እሱ ኪሮሽ አያውቅም። ያን ቀን ግን አንድ ነገር አብረው ሠርተው ነበር።

የቀረው የሰርቦው አጎቴ ነው። ወቅቱ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ከአሰንዳቦ ሰዎች ጋር እንደሚመጣ ሰማን። አባቴ ወንድሜን “ዛሬ መጋዘን አትሂድ፣ እዚሁ ተቀመጥ” አሉት። ቢያፍርም እዚያው ተቀምጦ እንዲያፍር ይሁን ወይም ሌላ አስበው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አጎቴ ገና ከበሩ “ውኃ አዘጋጅታችኋል?” አለ። ማሽኑ አጠገብ ያለውን ወንበር ትቶ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ፤ እሳት የሚፈራ ሰው መስሎ። እንግዶቹ ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ፤ ጉልበቱን ግን በሁለት እጁ ይዞታል። ምሳ ተበላ፣ ጫት ቀረበ፣ ወሬው ስለ ዝናብና ስለ ቀይ ቡና ሆነ። ማሽኑ ይጫወታል። ማንም ወደ እሱ አያይም፤ ከእኔ፣ ከእናቴና ከወንድሜ በቀር። እኔ የሳጥኑ ጀርባ በሚታይበት ጎን ተቀምጬ ዓይኔ ከመብራቷ አልተነሣም። አረንጓዴ።

መሐል ላይ መብራት ጠፋ። አጎቴ “አይ፣ ሄደ! እኔ ምን አልኩ?” አለ። አባቴ በመስኮት የጎረቤቱን ቤት አሳዩት፤ እዚያም ጠፍቷል። መብራቱ ሲመለስ አጎቴ ጆሮውን በእጁ ያዘ። እኛ አገር ማሽኖች ኃይል ሲያገኙ ስፒከራቸው እንደ ጥይት ይጮሃል። ይኼኛው ምንም አላለም። ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ዝም ብሎ ቆይቶ መንዙማው ካቆመበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀመረ። አጎቴ እጁን አወረደ። ሽማግሌው አየር ሳቡ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለ አጎቴ። “ትንፋሻቸው ነው?”

“ትንፋሻቸው ነው” አለ ወንድሜ።

አጎቴ ተነሥቶ መጣና ስፒከሩ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌውን ከልጅነቱ ያውቃቸዋል። እስኪያልቅ አልተነሣም፤ ቀልድም አልወጣውም። ሲያልቅ ወደ አባቴ ዞረ። “ኤጋ፣ እንግዲህ ልጁን የት ልልከው ነው ብለኸኝ ነበር?” አለ። አባቴ “ጫትህን ያዝ” አሉት። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ወንድሜ ራሱ ተነሥቶ አጠፋው። መብራቷ እስከዚያ አረንጓዴ ነበረች።

የመጨረሻው መኪና የወጣ ቀን አባቴ ከመጋዘን ቀጥታ ሳሎን ገቡ፤ ልብሳቸው ላይ የጆንያ አቧራ አለ። መጀመሪያ ማሽኑን አብርተው ቆመው ሰሙ። ከዚያ አጥፍተው ዳንቴሉን በሁለት እጃቸው አንሥተው ለእናቴ ሰጧት። ፕሎምፑን አገላብጠው አዩ፤ የጉጠታቸው ጥርስ እንዳለ ነው። ቆረጡትና ወንድሜን “ክፈተው” አሉት።

አባቴ የአምፕሊፋየር ሆድ አይተው አያውቁም። ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ሽቦዎቹ በየመስመራቸው ተደርድረው በየጣት ርቀቱ በጆንያ መስፊያ ክር ታስረዋል፤ የተንጠለጠለ ነገር የለም፣ ቋጠሮዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ናቸው። መንታዎቹ ትራንዚስተሮች አሉሚኒየሙ ላይ ትይዩ ቆመዋል። አባቴ በጣታቸው እያመለከቱ ይኼ ምን ይሠራል፣ ያ ምን ይሠራል እያሉ ጠየቁ። ወንድሜም ለማንም አስረድቶ በማያውቀው ትዕግሥት ነገራቸው። የገባቸው ሁሉንም አይመስለኝም። አንዱን ቋጠሮ ሳብ አድርገው ሞከሩት። አልላላም።

“ማንም ለማያየው ቦታ ነው ይኼን ሁሉ ያሰርከው?” አሉት።

“አዎ አባ።”

አባቴ ስልካቸውን አወጡ። መርካቶ ደውለው ሰላምታውን ካስረዘሙ በኋላ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ “ልጁ አይመጣም፤ ሌላ ሰው ፈልግ። እሱ እዚህ ሥራ አለው” አሉ። እናቴ አልሐምዱሊላህ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ወንድሜ ክዳኑን ለመመለስ ብሎኖቹን ሲለቅም አንዱ አምልጦት ሶፋው ሥር ገባ፤ እኔ አወጣሁለት።

ቀኑ የካቲት ሃያ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነበር።